የግራ እግር መርገጫ

እኔ ልጆቼን በማባበል ያሳደግሁ ሰው አይደለሁም። ልጅ ተደናቅፎ ሲወድቅ መሬቱን በመዳፋቸው እየመቱ «እሷ ናት የመታችህ? ይኸው መታሁልህ» የሚሉ ወላጆች አሉ። መሬት ምን አደረገች? የወደቀው ልጁ ነው፤ የወደቀውም አካሄዱን ስላላየ ነው። በቤቴ የሚነገረው ይህ ነበር። ልጁ ያለቅሳል፣ ይነሣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ እግሩ ሥር ያያል። ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተስማምታኝ አታውቅም። እኔ ከቤት ስወጣ መሬቱን ትመታላቸው እንደነበር የሰማሁት ልጆቹ ካደጉ በኋላ ነው።

ይህ አስተዳደግ ታላላቆቹን ጠቅሟቸዋል ብዬ አምናለሁ። ለመጨረሻዋ ልጄ ግን ከጅምሩ አልገጠመም። እሷ የምትወድቀው አካሄዷን ስላላየች አልነበረም።

ገና ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት ዓመት ወባ ያዛትና መርፌ ተወጋች። ትኩሳቱ ወረደ፤ ግራ እግሯ ግን ከዚያ በኋላ አልጸናም፣ ከሌላኛው ጋርም እኩል አላደገም። መርፌው ጅማት ነክቶ ነው አሉን። የወጋት ሰው ሊያድናት ነበር የፈለገው፤ አድኗታልም፤ አልረግመውም። አሶሳ ሽመል፣ ማለትም ቀርከሃ፣ የሞላበት አገር ነው፤ ቤቱም፣ አጥሩም፣ አልጋውም ከሽመል ይሠራል። ምርኩዟንም ከዚያው እቆርጥላት ነበር። ቁመቷ በጨመረ ቁጥር ረዘም ያለ እቆርጣለሁ፤ አጭሩን እናቷ ለማማሰያ ትወስደዋለች።

እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ነኝ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ራዲዮ መጠገን የተማርሁት ራዲዮ እየፈታሁ፣ አንዳንዱንም እያበላሸሁ ነው። ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የሚገባው ራዲዮ ሁሉ ሲበላሽ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ክልሉ ሲቋቋም በአንድ ቢሮ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አዲስ ነበር፤ ቢሮዎቹ ገና ወንበር ይዋዋሱ ነበር፤ ሠራተኛው ከየአገሩ ተመድቦ የመጣ ነው፤ ስብሰባ ላይ አንዱ በጎጃም አነጋገር፣ አንዱ በወለጋ፣ አንዱ አረብኛ እየቀላቀለ ይናገራል። የከተማው መብራት የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው፤ የሚሄደውም ሰው ሳይጠግበው ነው።

በአንድ ክረምት የቶንጎ መንገድ በጭቃ ተቆረጠና መድኃኒት የሚያመላልስ ሄሊኮፕተር መጣ። ያረፈው በትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ልጆቹ ሁሉ ሮጠው ቀረቡ፤ የክንፉ ነፋስ የጭቃ ፍንጣሪና የማንጎ ቅጠል ሲያለብሳቸው ደግሞ ሮጠው ሸሹ። የእኔዋ ቀስ ብላ ነው የደረሰችው፤ መሸሽም አልቻለችም። ምርኩዟን ተክላ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ይዛ፣ ባለችበት ቆመች። ስለዚህ ከሁሉም ይልቅ የቀረበችው እሷ ሆነች። ከአብራሪው ወንበር በታች ያለውን መስታወት፣ በመስታወቱም ውስጥ የሰውየውን እግሮች አየች።

«አባዬ፣ በእግሩም ነው የሚነዳው» አለችኝ ማታ እራት ላይ።

«መኪናም በእግር ይነዳል።»

«እንደ መኪና አይደለም። እግሩን ብዙ አያንቀሳቅሰውም። እንዲህ ብቻ ነው።» ሁለት ጣቶቿን በትሪው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ አንዱን በትንሹ ገፋ፣ ሌላውን በትንሹ መለስ አደረገች። «ይቺን ያህል እኮ እኔም እችላለሁ።»

«በይ ብዪ» አለች እናቷ። «አብራሪም ሳይበላ አይበርም።»

የልጅ ነገር ነው፣ ይረሳል ብዬ ነበር። አልተረሳም። ትምህርት ቤት ውስጥ ነገሩ ታወቀና አረማመዷን እያዩ «ሄሊኮፕተር መጣች» ይሏት ጀመር። አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ሲሉት ሰምቼ ልገሥጻቸው ስወጣ እሷ ቀድማ መለሰችላቸው። «እናንተ አውሮፕላን ሁኑ፤ ለመነሣት ሩጡ። ሄሊኮፕተር መንደርደር አያስፈልጋትም፤ ከቆመችበት ነው የምትነሣው!» ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ዞር ብዬ ሳቅሁ። ቤት ስትገባ ግን ፊቴን መልሼ አኮሳትሬው ነበር።

ዐሥረኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ጄኔሬተር ልጠግን ተላክሁ። እዚያ አንድ የውጭ አገር ሰው በምሳ ዕረፍቱ ኮምፒውተር ላይ ሄሊኮፕተር ሲያበር አየሁ። ጨዋታ መሰለኝ። ቆሜ ሳይ ግን ጨዋታ አልነበረም፤ ነፋሱም፣ ክብደቱም፣ መውደቁም ተሰልቶ የተሠራ ነው። ሰውየው ወደ አገሩ ሊመለስ ስለነበር ሲዲውን ከነመምሪያው ሰጠኝ። ኮምፒውተር ደግሞ ቢሯችን አሮጌዎቹን በሐራጅ ሲሸጥ አንዱን አግኝቼ ነበር፤ ሌላ ሰው ያልፈለገው ስክሪኑ ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ነው።

መሪውን ለመሥራት የተነሣሁት ልጄ እንድትበር ብዬ አይደለም። እንደማትችል በዓይኗ እንድታየው ብዬ ነው። አይሆንም የሚለውን ቃል እኔ ከምናገረው ብረቱ ይንገራት፤ ብረት አያዳላም፣ አይጨክንምም ብዬ አሰብሁ። ለባለቤቴም ይህንኑ ነገርኋት።

«አንተ መናገር ስላቃተህ ነው ብረት የምትቀጠቅጠው?» አለችኝ።

የሄሊኮፕተር መሪ ሦስት ነገር ነው። በጉልበት መካከል የሚቆም ዱላ አለ፤ በቀኝ እጅ ይያዛል፤ ሄሊኮፕተሯን ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን ያዘነብላታል። በግራ በኩል እንደ መኪና የእጅ ፍሬን ያለ ማንሻ አለ፤ ሲነሣ ትነሣለች፣ ሲወርድ ትወርዳለች። ከእግር ሥር ሁለት መርገጫዎች አሉ፤ አፍንጫዋን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞራሉ። መምሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበር ልጄ መዝገበ ቃላት ይዛ ታነብልኛለች፤ እኔ በእንጨት ላይ በከሰል እሥላለሁ።

ለማንሻው የሚሆን ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። የመኪናና የብስክሌት ቁርጥራጭ የሚሸጡ አንድ የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሐጂ ነው የምንላቸው፤ በአማርኛቸው ሴቱንም በወንድ ነው የሚጠሩት።

«ሐጂ፣ ያንን የእጅ ፍሬን ያሳዩኝ።»

«መኪና የለህ። ፍሬን ምን ያደርጋል?»

«ለልጄ ነው። የሄሊኮፕተር መሪ ልሠራላት ነው።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ወላሂ! ሰፈራ ጊዜ በጭነት መኪና መጣህ፤ አሁን በሄሊኮፕተር ወሎ ልትመለስ ነው?» አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሳቸው ግን ብረቱን አንሥተው በጨርቅ ጠረጉት። «ልጅህ ያ እግሩ የሚያመው ነው?»

«አዎ፣ እሷ ናት።»

«ውሰድ። ሲበር በገበያ ላይ ይለፍ፣ ሰላም ይበለኝ።»

ዱላውን ከውኃ ቧንቧ ቆረጥሁ፤ ከሥሩ ጋራዦች ክሮቼራ የሚሉትን፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚታጠፈውን የመኪና መገጣጠሚያ ገጠምሁለት። ማንሻው ባቆሙት ቦታ መቆም ስላለበት በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አጣብቄ አከበድሁት። መርገጫዎቹን በአንድ የብስክሌት ጎማ እምብርት ላይ አያያዝሁ፤ አንዱ ወደፊት ሲሄድ ሌላው ወደኋላ ይመጣል። ሁለቱም በአሮጌ የአልጋ ብረት ላይ ይንሸራተታሉ። ወደ መካከል የሚመልሳቸው ሞላ ስላጣሁ ከሁለቱም ወገን የተሰነጠቀ ሽመል ወጥሬ አሰርሁ። ሽመል እንደ ሞላ ይሠራል፤ ይታጠፋል፣ ይመለሳል።

እንቅስቃሴውን ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት ከራዲዮ የፈታኋቸው የድምፅ መጨመሪያ ማዞሪያዎች ናቸው። ዱላው ሲንቀሳቀስ ማዞሪያው ይዞራል፤ ኮምፒውተሩ ያንን ይለካል። እዚህ ላይ የራዲዮ ጠጋኝ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳትሁ። በእጄ የሚገኘው የድምፅ ማዞሪያ ስለነበር ሁሉንም በእሱ ሠራሁ። ዱላው ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ሄሊኮፕተሯ ትለግማለች፤ ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ ደነገጠች በቅሎ ትዘላለች። ብዙ ሳምንት ብረቱን ሳቃና ቆየሁ። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም። የድምፅ ማዞሪያ የሚሠራው ለጆሮ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በጥቂት በጥቂቱ፣ መጨረሻ ላይ በብዙ ይጨምራል። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሚጨምር ነበር። እንደዚያ ያለውን ሁለት ድምፅ ማጉያ ካላቸው ራዲዮዎች የግራና ቀኝ ድምፅ ማመጣጠኛ ላይ አገኘሁ። ቀየርሁና ዱላው ተስተካከለ።

ከዚያ ልክ ማስያዝ መጣ። ኮምፒውተሩ መሪውን አያውቀውም፤ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሊያሳዩት ይገባል። ስክሪኑ ላይ በሳጥን ውስጥ አንድ መስቀል ይወጣል። «እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ አሁን መካከል ላይ ተውት» ይላል። የታየውን ጫፍ እሱ እንደ ሙሉ ይቆጥረዋል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዱላውን በየማዕዘኑ አዞርሁ፣ ማንሻውን አንሥቼ መለስሁ፣ መርገጫዎቹን በእግሬ ብረቱ እስኪያቆመኝ ድረስ ገፋሁ። ከአርባ ዓመት በላይ መሬት የረገጠ እግር ነው፤ ሽመሉ ጮኸ።

መምሪያውን እያነበበች ሳለ ልጄ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ማንሻው ሲነሣ ሄሊኮፕተሯ ወደ ቀኝ መዞር ትፈልጋለች ይላል፤ ያንን የሚይዘው የግራ እግር ነው። ማንሻው በተነሣ መጠን ግራ እግር አብሮ መግፋት አለበት። ከሁለቱ እግሮች ያኛው መሆኑ! ዓረፍተ ነገሩን አንብባ ወደሚቀጥለው አለፈች። ያሰብሁት እየሆነ ነው፣ ብረቱ ሊነግራት ነው ብዬ ልቤ ማረፍ ነበረበት። አላረፈም።

በየማታው መብራት ሲመጣ ትቀመጣለች። ማንሻውን ታነሣለች፤ ሄሊኮፕተሯ ከመሬት ለቀቅ ትላለች፤ ወዲያው አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ እየፈጠነ ይሄዳል፣ እንደ እንዝርት ትሾራለች፣ ትወድቃለች። ግራ እግሯ መርገጫውን ይገፋዋል፤ ሽመሉ ግን ከእሷ ይበረታል። ፊቷ በላብ ይርሳል። «እንደገና» ትላለች ለራሷ። በሰው የምትስቅ ልጅ በዚያ ወንበር ላይ አትስቅም ነበር።

«ቀኝ እግሯን እሰረውና ይጎትት» አለች እናቷ። «ሁለቱ የተያያዙ አይደሉም እንዴ? ጤነኛው ለበሽተኛው ይሥራለት።»

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። በአሮጌ መቀነት ቀኝ እግሯን ከመርገጫው ጋር አሰርንላት። መጎተት ግን እንደ መግፋት አይለዝብም፤ የሄሊኮፕተሯ ጭራ እንደ ላም ጭራ ይወዛወዝ ጀመር። ልጄ ራሷ ፈታችው። «በእውነተኛው ላይ ማንም አያስረኝም» አለች። ይህን ከእኔ ነው የተማረችው።

ክረምቱ ገባ። አሶሳ ሲዘንብ እንጨትም ሰውም ይለሰልሳል። ሽመሉ እርጥበት ጠጥቶ ላላ፤ መርገጫዎቹ መካከላቸውን ሳቱ። እግር ሳይነካቸው ሄሊኮፕተሯ ወደ አንድ ወገን መሄድ ጀመረች። «ልክ ማስያዝ ያስፈልገዋል፤ ሲመቸኝ አስይዘዋለሁ» ብያት ወደ ሥራ ሄድሁ።

በሌላ ቀን ከቢሮ ስመለስ ዝናብ ነበር። ገና ከአጥሩ ሳልገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ወጥታ ጮኸች። «ና! ቶሎ ና እይ! ቆማለች!»

ልጄ ቆመች ማለቷ መስሎኝ ሮጥሁ። የቆመችው ሄሊኮፕተሯ ናት። ስክሪኑ ላይ ከሣሩ አንድ የሰው ቁመት ያህል ከፍ ብላ፣ አፍንጫዋን ቀጥ አድርጋ፣ አየር ላይ ቆማለች። ልጄ ግራ እግሯ በመርገጫው ላይ፣ ግራ እጇ በማንሻው ላይ፣ ትንፋሿን ይዛለች። «ዝም በሉኝ፤ አታስቁኝ፤ ትወድቅብኛለች» አለች። እናቷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ ደፉ ላይ ቀረሁ፤ ዝናቡ ጀርባዬን ያረጥበኛል፣ አልገባሁም። ከዚያ ልጄ አፍንጫዋን ወደ ግራ አዞረች፣ መለሰች፣ በቀስታ ወደፊት ሄደች፣ አሳረፈቻት። ባለቤቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ሠርግ መስሎት ብቅ አለ።

ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ዘወትር ምክንያት የምጠይቅ ሰው ያን ቀን አልጠየቅሁም። ሽመሉ ላልቷል፤ እሷም ወራት ሙሉ ስትገፋ እግሯ ጸንቷል ብዬ አመንሁ። በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከኋላዋ ቆሜ አረማመዷን አየሁ። የተሻለ መሰለኝ። ለሰው ሁሉ የምመክረው ዓይን የሚወደውን እንደሚያይ ነበር፤ የእኔም ዓይን ዓይን ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መጣ። በዐሥረኛ ክፍል ውጤቷ ግልገል በለስ መምህራን ማሠልጠኛ ተመደበች። በቢሯችን ግድግዳ ላይ ደግሞ ለአብራሪነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች ከየክልሉ እንደሚመለመሉ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማስታወቂያውን ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ወደ ቤት ያመጣሁላትም እኔ ነኝ። የተሟላ ጤንነት ይላል፤ ከዚያ ላይ ፈጠን ብዬ አለፍሁ።

«የሚመዘገቡበትና የግልገል በለሱ መግቢያ አንድ ሳምንት ላይ ነው» አለች ልጄ። «ሁለቱን መያዝ አይቻልም። ማሠልጠኛውን እተወዋለሁ።»

«መምህርነት እኮ በእጅሽ የገባ ነው» አለች እናቷ። «የሄሊኮፕተሩ ገና በሰማይ ነው።»

«ሄሊኮፕተር ሌላ የት ይሆናል እማዬ?»

እናቷ ወደ እኔ ዞረች። በቤታችን የመጨረሻው ቃል የእኔ ነበር። «ልጅቷ አስባበታለች» አልሁ። ልጄ እጄን ሳመችኝ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

መግቢያው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ መብራት እንደመጣ፣ ማንሻው ይንቋቋል ስላለችኝ ላጸዳው ተቀመጥሁ። እሷ ከእናቷ ጋር ጎረቤት ነበረች። ማዞሪያውን በስፒሪት አጥቤ ለመሞከር ሄሊኮፕተሯን አነሣኋት፤ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ሲሄድ ግራ እግሬን እንደ ሰው ገፋሁ። በጥፊ እንደተመታች ተስፈንጥራ ወደ ግራ ዞረች። እንደገና ሞከርሁ፤ በቀስታ ነካሁት፤ አሁንም ዞረች። ወርጄ ሽቦውን አየሁ፤ ሽቦው ደህና ነው። ከዚያ መስቀሉ ያለበትን ሳጥን ከፈትሁ። እግሬ ጫማ ውስጥ ጣት የማወዛወዝ ያህል ሲገፋ መስቀሉ ከግራው ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ብገፋም ከዚያ አያልፍም።

ልክ ያስያዘችው እሷ ናት። እኔ ሲመቸኝ ያልሁትን ራሷ አድርጋዋለች፤ በራሷ እግር።

ኮምፒውተሩን አላጠፋሁትም። ተቀምጬ ጠበቅኋት። ስትገባ ፊቴን አይታ ምርኩዟን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«ክረምቱ ሲገባ ልክ ያስያዝሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ምነው፣ አበላሸሁት?»

«ግራውን እንዴት አደረግሽው?»

«እስከ መጨረሻው ግፋ ይላል። እስከ መጨረሻዬ ገፋሁ።»

እውነቷን ነው። የተጠየቀችውን ነው ያደረገችው። እናቷ ከኋላዋ ቆማ በዓይኗ ተወው ትለኛለች። ያቺን ማታ መሬቱን መምታት እችል ነበር። ሳጥኑን አሳየኋት። እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ በትንሹ ገፋሁና መስቀሉ ጫፍ ሲደርስ አየች። ከዚያ ብረቱ እስኪያቆመኝ ድረስ ገፋሁ፤ መስቀሉ ከዚያው አልተነቃነቀም። «ይሄን ሁሉ አልቆጠረውም» አልኋት። «ያንቺን መጨረሻ ነው ሙሉ ነው ያለው። እውነተኛው ሄሊኮፕተር ልኩን ለማንም አይቀይርም። ምልመላው ላይ የመጀመሪያው በር ላይ ይመልሱሻል፤ ግልገል በለስም ያልፍሻል።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። እንባ የጠበቅሁ እኔ ነኝ።

«በአንተ እግር አስይዘው» አለችኝ።

«አይበቃም? አይታዋለች እኮ!» አለች እናቷ።

«አስይዘው አባዬ።»

አስያዝሁት። ብረቱ እስኪያቆመኝ ወደ ግራ፣ ብረቱ እስኪያቆመኝ ወደ ቀኝ። ተነሥቼ ወንበሩን ለቀቅሁላት። ማንሻውን አነሣች። ሄሊኮፕተሯ ከመሬት ለቀቅ አለች፤ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ሄደ። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ገፋች፤ ትከሻዋ ሁሉ ወደዚያ እግር ወረደ። ዞረች። በስክሪኑ ላይ ዛፉ፣ ሜዳው፣ ሰማዩ፣ እንደገና ዛፉ ያልፋል። ዱላውን በቀኝ እጇ በደንብ ይዛው ስለነበር ሄሊኮፕተሯ አልወደቀችም፤ ባለችበት ሆና ትሾራለች። ልጄ ማንሻውን አላወረደችም። ማንም አውርጂው አላላትም። ስትሾር እያየናት መብራቱ ሄደ።

በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት። «እማዬ፣ የምሄድበትን ሻንጣ ከየት እናገኛለን?»

አሶሳና ግልገል በለስ አንድ ክልል ናቸው። በመካከል ግን ዓባይ አለ፤ ያን ጊዜ በቀጥታ የሚያሻግር መንገድ አልነበረም። ከክልሉ ወጥቶ፣ በወለጋ ወርዶ፣ ጎጃም ዞሮ፣ በሌላ በር መግባት ነው። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ይህን ለልጄ ሳስረዳት፣ የት እንደምታድር፣ የት እንደምትቀይር ስነግራት ሰማች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። «በሄሊኮፕተር ቢሆን ቁርስ በልቼ ምሳ እደርስ ነበር» አለች። አዲሱን ምርኩዟን ጫፉ እንዳይሰነጠቅ በጎማ አልብሼው ነበር፤ እሱን ፈትሼ ሰጠኋት።

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ በመስኮት ጠራችኝ።

«አባዬ፣ መርገጫውን በእኔ ልክ መልስልኝ።»

«ለምን ብለሽ?»

«ለዕረፍት ስመጣ ትንሽ እንድበር።»

ተቆጥቼ ልመልስላት የምችለው ብዙ ነገር ነበረኝ። «እሺ» አልኋት።

ማታ መብራት ሲመጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሳጥኑን ከፈትሁ፤ መስቀሉ ወጣ። እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አለኝ። የእሷን መጨረሻ በምን አውቀዋለሁ? ኩራዙን ይዤ ጎንበስ ብዬ መርገጫው የሚንሸራተትበትን የአልጋ ብረት አየሁ። ክረምት ሙሉ በየማታው ወዲያና ወዲህ ሲፈገፈግበት የኖረው ቦታ ተወልውሎ እንደ ብር ያበራል። ወደ ቀኝ በኩል ረጅም ነው፤ ወደ ግራ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ሄዶ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ዝገት ነው። በዝገቱ ላይ ሁለት ሦስት ጭረት አለ፤ እሱ የእኔ እግር ነው።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ኩራዙን ተቀበለችኝና ወደ ብረቱ አስጠግታ ያዘችልኝ። እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ በቀስታ ገፋሁ። ጉልበት ላለው እግር እዚያ ቦታ ላይ ማቆም ከባድ ነው፤ ጭኔ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተወለወለው ከሚያልቅበት፣ ዝገቱ ከሚጀምርበት ስደርስ «እዚህ ጋ ነው» አለች። እግሬን እዚያው ያዝሁና ቁልፉን ተጫንሁ።